የሰኩለንት ቁራጭ በምን አፈር ስር ይይዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ አዲስ አበባን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

ሰኩለንት የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ውሃ በቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው አጠራቅመው የሚኖሩ ተክሎች ናቸው። ስሙ አዲስ ቢመስልም ተክሎቹን ከልጅነታችን እናውቃቸዋለን። እሬት ሰኩለንት ነው። ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ እንዳሁላም እንደዚያው። ችግኝ ሻጮች ዘንድ በትንንሽ ዕቃ የሚደረደሩት ደግሞ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፦ ጽጌረዳ የሚመስለው ኤኬቬሪያ፣ ወፍራም ክብ ቅጠል ያለው ጄድ፣ እንደ ሹሩባ የሚንዠረገገው ሴደም። ካክተስም ከሰኩለንቶች አንዱ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ያለው ምክር ለአብዛኞቹ ይሠራል። የሚለዩበት ቦታ ላይ ስማቸውን እንጠራለን።

የጓሮዬ አፈር ለምን አይሆንም?

ቁራጩ፣ ማለትም ለመትከል ከእናት ተክሉ የተቆረጠው ግንድ ወይም ቅጠል፣ ስር የለውም፤ ስለዚህ ውሃ አይጠጣም። የሚኖረው ቅጠሉ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ ስትከቱት የተቆረጠው አፉ ቀንም ሌትም ጭቃ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። ስር ከመምጣቱ በፊት ብስባሹ ይቀድማል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ብዙው ግቢ ወይ ዋልካ ነው ወይ ቀይ አፈር። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ገና ክር የሚያህለውን ስር ይበጥሰዋል። ቀይ አፈር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ውሃ ሲጠጣ ይደድራል።

ቁራጭ ከአፈር የሚፈልገው ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው፣ አየር እንዲሰጠው፣ ትንሽ እርጥበት እንዲያቆይለት ነው። ምግብ ገና አልጠየቀም። ይህን ከያዛችሁ ቀጥሎ ያለው መልስ ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዝ ነው።

እሺ፣ ቅልቅሉ ምንድነው?

እኔ የምጠቀመው 2 ጣሳ ሬድ አሽ፣ 1 ጣሳ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ 1 ጣሳ የተነፋ ኮምፖስት ወይም የደን አፈር ነው። ጣሳው ምንም ይሁን፤ መስፈሪያው አንድ ይሁን እንጂ። ኮምፖስት ካጣችሁ አትጨነቁ። ሬድ አሽ ብቻውንም ስር ያስይዛል። ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ውሃውን መከታተል የእናንተ ሥራ ይሆናል።

በችግኝ ጣቢያዎች የተለመደ ሌላ ቅልቅል አለ፦ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ። ለግራርና ለወይራ ጥሩ ነው። ለሰኩለንት ግን አሸዋውና አፈሩ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። ከመንገድ ዳር በፌስታል የሚገዛው ጥቁር አፈርም ለአበባ የተዘጋጀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍግ አለበት። እሱን እንዳለ ተጠቅሞ የማይከስር ሰው ጥቂት ነው።

ልኩን በእጅ ፈትኑ። ቅልቅሉን አርሱት፣ ጨበጥ አድርጋችሁ መዳፋችሁን ክፈቱ። እንደ ጭብጦ ቅርጹን ይዞ ከቀረ አፈሩ በዝቷል። ፍርስርስ ካለ ደህና ነው።

ሬድ አሽ ምንድነው? የትስ ይገኛል?

ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው። አብዛኛው ቀይ ነው፣ ጥቁርም አለ። የመጽሐፍ ስሙ ስኮሪያ ነው፤ ግንበኛ ዘንድ ሄዳችሁ ስኮሪያ ብትሉ ግን ግር ይለዋል፣ ሬድ አሽ በሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ ስትሄዱ ጎናቸው ተቆርሶ ቀይ ሆዳቸው የሚታይ ኮረብታዎች ታያላችሁ። የሚዛቀው ከእንደዚያ ዓይነቱ ቦታ ነው። ለመንገድ ሙሌት፣ ለቤት ወለል ሥር፣ ለብሎኬት ይውላል። ስለዚህ አበባ ቤት ለአበባ ቤት አትዙሩ። ግንባታ ያለበት ወይም ብሎኬት የሚመረትበት ቦታ ሄዳችሁ የተረፈ ጠይቁ። እኔ ሰፈር ውስጥ ቤት ከሚያሠራ ጎረቤት ግማሽ የማዳበሪያ ከረጢት ሬድ አሽ በነጻ ወስጄ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።

ፑሚስ ዘመዱ ነው። ነጣ ወይም ግራጫ ያለ፣ ይበልጥ ቀላል፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ። እሱንም ብሎኬት አምራቾች ዘንድ ጠይቁ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መላ ነው። ፍሬው ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ጥቂት ውሃ ይይዛሉ፤ በፍሬና በፍሬ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ለአየር ይተርፋል።

ውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ሁሉ ፐርላይት፣ ፐርላይት የሚሉትም ይህንኑ ፍለጋ ነው። ፐርላይት በከፍተኛ ሙቀት እንደ ፈንድሻ የተፈካ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ስታጠጡት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ነፋስም ይወስደዋል። አጠገባችን ሬድ አሽ ተራራ አክሎ ቆሞ ፐርላይት ፍለጋ መንከራተት ለእኔ አይታየኝም።

ጠጠሩ ምን ያክል ይሁን?

ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ከዚያ “ሬድ አሽ ተጠቅሜ እንኳ በሰበሰ” ይላል። ሬድ አሽ ከነአቧራው ከገባ አቧራው ክፍተቱን ይሞላዋል። አየሩ የነበረበት ቦታ ጭቃ ይሆናል።

ልኩን በእህል ያዙት። ጤፍ የሚያክለውና ከዚያ የደቀቀው ይውጣ። ምስርና አተር የሚያክለው፣ በሚሊ ሜትር ከ2 እስከ 6 አካባቢ ያለው፣ ይቅር። ከሽምብራ የሚበልጠውን ለትልልቅ ተክል አስቀምጡት። ለመንፋት የመስኮት ትንኝ መከላከያ ወንፊት ቁራጭ ደቃቁን ያወጣላችኋል፤ ለትልልቁ የግንበኛ አሸዋ መንፊያ ይበቃል። ውጭ ሁኑ፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ከነፋችሁ በኋላ በባልዲ አጥቡት። የመጀመሪያው ውሃ ቀይ ወጥ መስሎ ይወጣል። ሦስት አራት ጊዜ ሲታጠብ ይጠራል። የታጠበበትን ውሃ መታጠቢያ ቤት እንዳትደፉት፤ ደለሉ ቱቦ ይዘጋል። የቧንቧ ሠራተኛ ከፍዬ የተማርኩት ነው።

አሸዋስ የትኛው?

የወንዝ አሸዋ፣ ሸካራው። ግድግዳ ለመለሰን የሚነፋው ደቃቁ አሸዋ አይሆንም፤ ፍሬው እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ውሃ ይቋጥራል። ምን ያህል ጭቃ እንዳለበት ለማወቅ ሀይላንድ ጠርሙስ ሲሶ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ ውሃ ሙሉበትና በደንብ ንጡት። ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይተኛል፣ ጭቃው ቀስ ብሎ ከላዩ ይነጠፋል። የጭቃው ንጣፍ ጎልቶ ከታየ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አሸዋው ይታጠብ።

ሬድ አሻችሁ ብዙ ከሆነ አሸዋውን ብትተዉትም ምንም አይጎድልም።

ኮምፖስቱን መቀቀል ወይም መጥበስ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፤ ለቅጠል ግን እመክራለሁ። ቅጠል ስር እስኪያወጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ ሻጋታና የትንኝ መሳይ ጥቁር ዝንብ እንቁላል ጊዜ ያገኛሉ። ኦቨን ካላችሁ እርጥቡን ኮምፖስት በትሪ አድርጋችሁ በፎይል ሸፍኑት። የአፈሩ መሐል 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ በኋላ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። እንዲቃጠል አታድርጉት፤ በጣም የተጠበሰ አፈር ለስር ጎጂ ነገር ያወጣል። ቤቱም ይሸታል። እኔ ቤት ይህ ሥራ የሚፈቀደው ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው።

ኦቨን ከሌለ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ በደንብ ይንጠፍጠፍ፣ ይቀዝቅዝ። ሙሉ በሙሉ አይገድልም፤ ግን ብዙውን ይቀንሳል። ሬድ አሽና አሸዋ ታጥበው ፀሐይ ላይ ከደረቁ በቂ ነው።

ቁራጩን ወዲያው ቆርጬ ብተክለውስ?

አይሆንም። መጀመሪያ ቁስሉ ይድረቅ። ጥላ ባለበትና አየር በሚገባበት ቦታ ጋዜጣ ላይ ዘርጉት። ለቅጠል ሁለት ሦስት ቀን፣ ለቀጭን ግንድ አራት አምስት ቀን፣ ክንድ ለሚያክል ቁልቋል ሁለት ሳምንት ድረስ። የተቆረጠው ቦታ ስትነኩት ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ደርሷል። መጨማደዱ አያስደንግጣችሁ፤ ሰኩለንት ስንቁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቁልቋልና ቅንጭብ ስትቆርጡ ተጠንቀቁ። ነጩ ደማቸው ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። የቆረጣችሁበትን አፍ በውሃ ብትነክሩት ወይም ብትረጩት መፍሰሱን ያቆማል። ዓይን ከተነካ ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ስተክለው አፈሩ ደረቅ ይሁን እርጥብ?

ለግንድ ደረቅ ወይም በጭንቅ የረጠበ። ተክላችሁ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ውሃ አትስጡት። ከዚያ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡ፣ ከታች ይውጣ፣ እንደገና እስኪደርቅ ተዉት። የስቴኪኒ እንጨት ወደ ውስጥ ሰክታችሁ ብታወጡት መድረቁን ይነግራችኋል። አፈር ይዞ ከወጣ ቆዩ።

በየቀኑ ጠብታ ጠብታ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ላዩን ያረጥባል፣ ታቹን ሳያደርስ ይቀራል፤ ስር ደግሞ ውሃ ወዳለበት ነው የሚወርደው።

ውሃ ውስጥ ስር ባስይዘውስ?

ጄድና አንዳንድ ሴደም በውሃ ስር ያወጣሉ። ማየቱም ደስ ይላል። ነገር ግን በውሃ ያደገ ስር ለስላሳና ተሰባሪ ነው፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ብዙው ይሞትና ተክሉ አዲስ ያበቅላል። ሁለት ጊዜ ከማድከም በቀጥታ ማስያዝ ይሻላል።

የቡና አተላ፣ አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ፍግ ልጨምርበት?

ከበረካ በኋላ አተላውን አበባ ሥር መድፋት የማናችንም እናት ልማድ ነው። ለትልቅ ጽጌረዳ፣ ግቢ ላይ፣ ችግር የለውም። ለቁራጭ ግን ሦስት ጊዜ ይጎዳል። ደቃቅ ስለሆነ ክፍተት ይደፍናል። ውሃ ይቋጥራል። በጥቂት ቀናት ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ደግሞም ያልበሰበሰ አተላ የጨቅላ ተክል እድገትን ይገታል። ወደ ኮምፖስቱ ጣሉት፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይጠቅማችኋል።

አመድ የአፈሩን ጨዋማነትና አልካላይነት ከፍ ያደርገዋል፤ ሰኩለንት ደግሞ የሚወደው ከመካከለኛ ወደ ትንሽ አሲዳማ ያዘነበለውን ነው፣ በፒኤች ከ6 እስከ 7። ስለዚህ አመድ አይግባ። ከሰል ሌላ ነው፦ ምስር አክሎ ከተሰባበረ ጥሩ ጠጠር ይሆናል፤ ዱቄቱን ብቻ አራግፉት። የእንቁላል ቅርፊት ለመበስበስ ብዙ ወር ስለሚፈጅ አይጠቅምም አይጎዳም። ሰጋቱራ ውሃ ይመጥጣል፣ ሲበሰብስም ከአፈሩ ናይትሮጂን ይበላል። ፍግና ዩሪያ ጭራሽ አይነኩ። ስር ለሌለው ቁራጭ ማዳበሪያ መስጠት ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ጥሬ ሥጋ እንደማቅረብ ነው።

ቀረፋስ? ቁስሉ ላይ ትንሽ ብትነሰንሱ ያደርቀዋል፣ ሻጋታም ያዘገያል። ቁስሉ በደንብ ከደረቀ ግን ቀረፋውን ለሻይ አቆዩት።

ለቅጠልና ለግንድ አንድ ዓይነት አፈር ነው?

ዓይነቱ አንድ፣ ልኩ ይለያያል። የኤኬቬሪያ ቅጠል የሚያወጣው ስር እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ሽምብራ በሚያክል ጠጠር ላይ ብታስቀምጡት ስሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ስለዚህ ለቅጠል ላዩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ደቀቅ ያለውን፣ ከጤፍ ትንሽ የሚበልጠውን አልብሱት። ቅጠሉን አትቅበሩ፤ ጋደም አድርጉት። ስር ሲታይ ብቻ ስሩን በጥቂት አፈር ሸፍኑ። ለወፍራም ግንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሻካራ ሲሆን ይሻላል።

እሬት በቅጠሉ ሞክራችሁ ያልተሳካላችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም። የእሬት ቅጠል እንዲህ በቀላሉ ተክል አይሆንም፣ ይበሰብሳል። ከእናቱ ሥር የሚወጡትን ልጆች ከነስራቸው ነጥሉ።

በክረምት ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ትግል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ በየቀኑ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በመጋቢት በሦስት ቀን የሚደርቅ ዕቃ በነሐሴ ሁለት ሳምንት እርጥብ ይሆናል። አንድ ክረምት ሃያ የሚሆን የጄድ ቁራጭ ደርድሬ ሁለት ተረፈልኝ። ቅልቅሉ ያው የበጋው ነበር፤ ያልተለወጠው እሱ ነው ጥፋቱ። አሁን በክረምት ኮምፖስቱን ወደ ግማሽ ጣሳ አወርደዋለሁ፣ ዕቃውንም ከጣሪያ ሥር ብርሃን ወዳለበት መስኮት አስገባለሁ።

የሚመቸው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ቀኑ ሞቅ ይላል። መስከረም ዝናቡ ሲያባራም ጥሩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ስሩ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ድሬዳዋ ላላችሁ ችግሩ ሌላ ነው፣ አፈሩ በቶሎ ይደርቃል። እናንተ ኮምፖስቱን ከፍ፣ ጠጠሩን ዝቅ አድርጉት።

ምን ዓይነት ዕቃ ይሻላል?

ከታች ቀዳዳ ያለው ማንኛውም። የሸክላ ዕቃ በጎኑም ስለሚተነፍስ ለጀማሪ ይምራል። የተቆረጠ ሀይላንድ፣ የእርጎ ዕቃ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ሁሉ ይሆናል፤ በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። ትልቅ አትምረጡ። ለአንድ ቁራጭ ባልዲ የሚያህል አፈር ከሰጣችሁት ያ ሁሉ አፈር እርጥቡን ይዞ ይቆያል፣ የሚጠጣው ስር ግን የለም።

ከሥር ጠጠር ብደረድር ውሃው ቶሎ ይወርዳል፣ አይደል?

አይወርድም። ይህ ሲባል ሁሌም ክርክር ይነሳል፣ ምክንያቱም ሁላችንም ስናደርገው ኖረናል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። ደቃቁ አፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆያል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር የረጠበውን ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ቁራጩ አፍ ማስጠጋት ነው።

ካላመናችሁ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አምጡ። ውሃ አጥግባችሁ ጋደም አድርጋችሁ ያዙት፣ መንጠባጠቡ እስኪያቆም ጠብቁ። አሁን በቁመቱ አቁሙት። እንደገና ይፈስሳል። ውሃው ያው፣ ስፖንጁ ያው፤ የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። የአበባ ዕቃም እንዲሁ ነው። አፈሩ ረዘም ሲል ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲያጥር ይቋጠራል። ጠጠር ደርድራችሁ አፈሩን ስታሳጥሩት ስፖንጁን አጋደማችሁት ማለት ነው። ጠጠሩን ከታች ከማከማቸት አፈሩ ውስጥ ቀላቅሉት። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ የትንኝ ወንፊት ቁራጭ ይበቃል።

አሸዋ ጨመርኩበት፤ ጭራሽ እንደ ግንብ ደረቀ። ለምን?

ጥቂት ስለጨመራችሁ ነው። በአሸዋ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት የሸክላው ጭቃ ሞልቶታል፤ የሠራችሁት ምርጊት ነው። ሸካራው ነገር የሚጠቅመው ፍሬ ከፍሬ እስኪነካካና ጭቃው ክፍተቱን መሙላት እስኪያቅተው ድረስ ሲበዛ ብቻ ነው። ከአራት እጅ ሦስቱ ጠጠርና አሸዋ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው። ዋልካን ለማዳን አትታገሉ፣ ግቢ ውስጥ ተዉት።

ውጭ አገር ነኝ፤ የካክተስ አፈር ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ይበቃል?

ለቁራጭ እንዳለ አይበቃም። ብዙዎቹ በፒት፣ ማለትም ረግረግ ላይ ተጠራቅሞ በከፊል በበሰበሰ የተክል ቅሪት፣ የተሞሉ ናቸው። ፒት ሲርስ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ አንዴ ጥርቅ ብሎ ከደረቀ ደግሞ ውሃ አልቀበልም ብሎ በጎን ያሳልፈዋል። እኩል ለእኩል ፐርላይት ወይም ፑሚስ ቀላቅሉበት። እናንተ ዘንድ ፐርላይት በየሱቁ ስለሚገኝ ያኔ የእኔን ነቀፌታ እርሱት።

ዱባይና ሪያድ አካባቢ ያላችሁ የበረሃውን አሸዋ አትሞክሩ። ነፋስ ያመላለሰው አሸዋ ደቃቅና ክብ ስለሆነ ይጠቀጠቃል። የባሕር ዳርቻው ደግሞ ጨው አለው።

ነጭ ሻጋታና ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች መጡ። አፈሩን ልድፋው?

ገና ነው። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ላዩ አይደርቅም። ውሃ አቁሙ፣ ሻጋታውን በማንኪያ ጫሩት፣ ላዩን አንድ ሴንቲ ሜትር ደረቅ ሬድ አሽ አልብሱት። የዝንቦቹ እጭ የሚኖረው በላይኛው እርጥብ ኮምፖስት ውስጥ ነው፤ እሱ ሲደርቅ ይጠፋሉ። ስር አካባቢ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ላይሆን ይችላል፣ የስር ተባይ አለ። ያኔ አፈሩን ድፉ፣ ቁራጩን እጠቡ፣ በአዲስ ጀምሩ።

ስር መያዙን በምን አውቃለሁ? ከዚያስ?

ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉት። እምቢ ካለ ይዟል። መሐሉ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ ማለቱም ምልክት ነው። ግንድ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ቅጠል ከዚያ በላይ ይፈጃል። በየሁለት ቀኑ እየነቀላችሁ አትዩ።

ስሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ ቋሚ ዕቃ አዛውሩት። አሁን መብላት ጀምሯል፤ ኮምፖስቱን እስከ ሲሶ ማሳደግ ትችላላችሁ። አሮጌውን ሬድ አሽ አትጣሉት፤ ብስባሽ ካልነካው ታጥቦ በፈላ ውሃ ተለቃልቆ ለሚቀጥለው ያገለግላል።

ሁሉን እንደተባለው አድርጌ አሁንም በሰበሰ። ምን ቀረ?

ብስባሹ ከየት እንደጀመረ እዩ። ከታች፣ ከተቆረጠው አፍ ከሆነ ወይ ቁስሉ አልደረቀም ወይ አፈሩ ደቃቅ አለበት። ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል ቦታ ላይ ከሆነ ቁራጩን በጣም ቀብራችሁታል፤ የታችኞቹን ቅጠሎች ሳታራግፉ ተክላችሁ ሊሆን ይችላል። ከላይ ከሆነ ውሃ መሐሉ ላይ ተኝቶበታል።

ግማሹ ደህና ከሆነ አይለፍባችሁ። ቢላውን በአልኮል ጥረጉ፣ ቡናማ ክብ ወይም ነጥብ እስኪጠፋና ሥጋው ጥርት ያለ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ እየቆረጣችሁ ሂዱ። እንደገና ሳምንት አድርቁት። በዚህኛው ዙር ኮምፖስት አታስገቡ፣ በታጠበ ሬድ አሽ ብቻ ትከሉት።